መርፌው ጠረጴዛ ላይ ሳለ

እሑድ፣ ጥቅምት 18
ከምሳ በኋላ፣ ከሱቁ ኋላ ካለችው ክፍሌ

ለውድ የእህቴ ልጅ፣ ለቁንጫዬ፤

ሰላምታዬን ከማቅረቤ በፊት አንድ ከባድ አቤቱታ አለኝ። ያ የላክሽልኝ ሸሚዝ! ቁልፎቹን የሠራው ሰው ከእኔ ጋር የቆየ ጠብ ሊኖረው ይገባል። የምስር ፍሬ ያህላሉ። ቀዳዳዎቹ ደግሞ ከቁልፎቹ ይጠባሉ። ዛሬ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ እየማልኩ፣ እየተራገምኩ ከታች ወደ ላይ ስታገል ቆየሁና የመጨረሻዋን፣ አንገቴ ሥር ያለችውን፣ አቅቶኝ ክፍት ትቻታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሬዲዮ ብሎን ሳላይ በዳበሳ ስፈታ የኖርኩ ሰው በአንድ ሸሚዝ ተዋረድኩ። ሌላ ጊዜ ለሽማግሌ ልብስ ስትገዢ ቁልፉ የሣህን ክዳን የሚያህለውን ምረጪ። ቀለሙ ግን ያምራል። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ አይታኝ «ምነው፣ ሊያገቡ ነው እንዴ?» አለችኝ። ስለዚህ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ግማሹን።

አሁን ሳቅሽን ጨርሺና ቁጭ በይ።

«ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው» ማለትሽ አይቀርም። በስልክ ስጀምር እቀልዳለሁ፤ ታውቂኛለሽ። ባለፈው እሑድ እያለቀስሽ ደወልሽልኝ። «አጎቴ፣ እማዬ ጠልታኛለች መሰለኝ» አልሽ። በቪዲዮ ስትደውዪላት የምታሳይሽ ጣሪያ ብቻ ነው፤ ደግ ስትሆን ደግሞ የግንባሯን ሩብ። «የጣሪያውን ስንጥቅ በቃሌ ይዤዋለሁ» አልሽኝ። ልምጣና ልይሽ ስትያት «አሁን አይመችም» ብላ ዘጋችው። እኔስ ምን አልኩሽ? «ጣሪያው ከሷ ስለሚያምር ነው» ብዬ ሳቅሁ። አንቺም ሳትወጂ ሳቅሽ። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን እዚሁ ወንበር ላይ ደርቄ ቀረሁ። ያ ቀልድ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት፤ አስደነገጠኝ።

ቁንጫዬ፣ ጣሪያ የምታዪው እናትሽ ስልኩን ስለማትይዘው ነው። መያዝ ስለማትችል። ጠረጴዛ ላይ አጋድማው ነው ከላይ የምትጎነበስበት።

እናትሽ ከታመመች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። የመገጣጠሚያ ብግነት ይሉታል። ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር፤ መሐላዬን እዚች ላይ አፈረስኩ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። «ብርድ ነው» አለች። ቀጥሎ እብጠቱ ቀኑን ሙሉ አልወርድ አለ። ቀጥሎ ጣቶቿ ነፋስ እንዳጎበጠው ሣር ሁሉም ወደ አንድ ጎን ዘመሙ። ለደንበኞቿ «ዓይኔ ደከመ» ብላ የስፌት መኪናውን አንሶላ አልብሳ ጥግ አስያዘችው። አስቢው፤ የሙሽራ ቀሚስ ቁልፍ ማስገቢያ በእጇ ስትሰፋ መኪና የሠራው የሚመስለው ሴትዮ!

እኔ ራሴ ያወቅሁት በድንጋጤ ነው። አንድ ቀን ሳልነግራት ቤቷ ገባሁ። ውሃ እየጠጣች ነበር። ብርጭቆውን በሁለት መዳፏ መሃል አጣብቃ፣ አንገቷን ወደ ብርጭቆው ወስዳ። ጣቶቿ አንዱም አልነካውም። ክው አልኩ። እሷ ግን ቀና ብላ «ምን ታፈጣለህ፣ ሰው ውሃ ሲጠጣ አይተህ አታውቅም?» አለችኝ።

እኔ ጋ ስትመጣም በር አታንኳኳም። ይቺን የኋላ በሬን በክርኗ ነው የምትገፋት፤ ድም የሚል፣ ጆንያ የወደቀ የሚመስል ድምፅ አለው። እኔም ከውስጥ «በሬን የሚወጋው የማን በሬ ነው?» እያልኩ እጮኻለሁ። «ክፈት አንተ ጫጫታ፣ ክርኔ ተላጠ!» ትላለች። እንደዚህ እየተሳሳቅን ከረምን። መሳቁ ቀላል ነው፤ ከፍቼ እጇን ማየቱ ነበር ከባዱ።

የሰጧት ኪኒን ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ይሠራና ይለግማል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ሕመሙን ሲያስታግሰው ፊቷን አሳበጠው። በመጨረሻ የመገጣጠሚያ ሐኪሟ አዲስ መርፌ እንጀምር አለቻት፤ እኔም አጃቢ ሆኜ ሄድኩ። ዶክተሯ ወጣት ናት። ፊቷን ኮስተር ታደርጋለች፤ ሳቋ ግን ሳትፈቅድለት በአፍንጫዋ በኩል ያመልጣታል። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ሳገኝ አልተውም።

«ሰውነት ውስጥ ያሉ ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት ይላላካሉ» አለች። «መልእክቶቹ ሳይቶካይን ይባላሉ። ጀርም ሲገባ ‹ድረሱ› ብለው የመከላከያ ሕዋሳትን ይጠራሉ። ሥራው ሲያልቅ ዝም ማለት ነበረባቸው። የእህትዎ ግን ዝም አላሉም። የገዛ መገጣጠሚያዋን እንደ ጠላት ቆጥረው ይጣራሉ። የመጣው ሕዋስ በተራው ይጮኻል፤ ጩኸቱ ሌላ ጩኸት ይወልዳል።»

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። «ገባኝ! ማይክራፎኑን ድምፅ ማጉያው ፊት አስቀምጠውታል ማለት ነው!»

አንቺም ሠርግ ላይ ሰምተሽዋል። አንዱ ሞቅ ያለው ሰው ማይኩን ይዞ ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ ጆሮ የሚበጥስ ሲጥጥጥ የሚል ነገር ይመጣል። የወጣው ድምፅ በማይኩ ተመልሶ ይገባል፣ ጎልቶ ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል። እንጀራዬ እኮ ነው!

«ቀላል ነው ዶክተር፤ ዋናውን ማብሪያ ማጥፋት ነው» አልኳት።

«ዋናውን ካጠፉት ሠርጉስ?»

እናትሽ በሳቅ ተንከተከተች፤ ሰው አፌን ሲያስይዘኝ እንደምትወድ ታውቂያለሽ።

«ፕሬድኒሶሎን ሁሉንም ድምፅ ነው ዝቅ የሚያደርገው» አለች ዶክተሯ። «ይሄኛው ከመልእክቶቹ አንዱን፣ ቲኤንኤፍ የሚባለውን፣ ለይቶ ይይዛል። ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሰውነታችን ጀርም ለመያዝ የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ያንን መልእክት እንዲይዝ ተብሎ መሠራቱ ነው።»

«ማነው የሚሠራው?»

«ሕያው ሕዋሳት። በትልልቅ ጋኖች ውስጥ አርብተው ያስመርቷቸዋል።»

«የማን ሕዋሳት?»

ዶክተሯ ትንሽ አመነታች። «መጀመሪያ የተወሰዱት ከሃምስተር ነው። ማለት… ከአይጥ ዘመድ።»

እናትሽ ክፍሉ ውስጥ አይጥ የገባ ይመስል እግሯን ከወለሉ አነሳች። «አይጥ? እኔ ውስጥ?»

«አይዞሽ እትዬ» አልኳት፤ «ከነገ ጀምሮ ሳሙናዬን ቆልፌ አስቀምጣለሁ።»

የዶክተሯ ሳቅ በአፍንጫዋ አመለጠ። እናትሽ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። ከዚያ ዶክተሯ ኮስተር አለችና መድኃኒቱ እንደማያድናት፣ ልጓም እንደሚሆንላት ብቻ፣ ሲያቆሙት በሽታው እንደሚመለስ፣ ለሁሉም ሰው ደግሞ እንደማይሠራ ነገረችን።

«ከሠራስ?» አለች እናትሽ።

ዶክተሯ የእናትሽን እጆች አየቻቸው። «ከሠራ ጣትዎን ያጥፋሉ።»

እናትሽ ወዲያው ወደ መስኮቱ ዞረች። ለምን እንደዞረች አልነግርሽም፤ ልጇ ነሽ።

ደሟ ተመረመረ፣ ደረቷ ራጅ ተነሳ፣ «ደህና ነው» ተባለ። ቀኑ ደረሰ። እንግዲህ የምነግርሽ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ከአራት ወር በፊት ነው የሆነው።

ነርሷ መርፌውን ከማቀዝቀዣ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወፈር ያለ እስክሪብቶ ይመስላል። ቀዝቃዛውን ከወጉት ስለሚያቃጥል ክፍሉ ሙቀት ላይ እስኪደርስ ይጠበቃል። ሦስታችንም ቁጭ ብለን እንደ ትልቅ እንግዳ እንጠብቀው ጀመር። እናትሽ ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም። ቀይ ሻሿን አድርጋ ነበር፤ ያንን በዓል ካልሆነ የማታወጣውን። እኔ መርፌው ጢም ያበቅል እንደሆነ ነርሷን እጠይቃለሁ፤ ነርሷ ወረቀት እየሞላች «ለእርስዎ አንድ ልስጥዎት እንዴ?» ትለኛለች።

ቀጥላ ወደ እናትሽ ዞረች። «እንግዲህ የመጨረሻ ጥያቄዎች ናቸው እማማ። ትኩሳት አለ?» የለም። «ሳል?» የለም። «ቤተሰብ ውስጥ በቲቢ የታመመ፣ አብሯችሁ የኖረ ሰው ነበር?»

«ኧረ በፍጹም!» አለች እናትሽ። «የእኛ ቤት ንጹሕ ቤት ነው።»

ቶሎ አለችው። በጣም ቶሎ።

አፌ ላይ የነበረው ቀልድ ደረቀ። ያለፉት ቀጠሮዎች ላይ ይሄ ሲጠየቅ ውጭ ኮሪደር ላይ ሰው ሳስቅ ስለነበር ሰምቼው አላውቅም። «ለምንድነው የምትጠይቂው?» አልኳት ነርሷን፤ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

ነርሷ ቀና ሳትል መለሰችልኝ። «የተኛ ቲቢ ካለ መድኃኒቱ ይቀሰቅሰዋል። ጀርሙ ዕድሜ ልክ ሳንባ ውስጥ ተኝቶ ሊኖር ይችላል፤ ሰውነት ግንብ አጥሮበት ይቀመጣል። ግንቡ እንዲቆም የሚያደርገው ይሄው አሁን የምንይዘው ቲኤንኤፍ ነው። እሱን ስንይዘው ግንቡ ሊፈርስ ይችላል።»

«ከፈረሰስ?»

«በጊዜ ካልተደረሰበት ሰው ይሞታል» አለች፤ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው።

እናትሽን አየኋት። ወለሉን ታያለች። ይህንን ዛሬ አልነበረም የሰማችው፤ በየቀጠሮው ነግረዋታል። ታውቃለች። አውቃ ነው ቀይ ሻሽ አድርጋ የመጣችው። ልጄ፣ ብዙ ነገር አስደንግጦኝ ያውቃል፤ ኤሌክትሪክ ከጠረጴዛ ላይ አሽቀንጥሮ ጥሎኛል፤ እንደዚያች ቅጽበት ግን ደንግጬ አላውቅም። እህቴ ቁጭ ብላ፣ ተረጋግታ፣ አንድ ቃል ከምታወጣ መሞትን መርጣ ነበር።

መርፌው ጠረጴዛው ላይ ነው። ነርሷ ጓንቷን እያጠለቀች ነው።

«አባታችን በቲቢ ነው የሞተው» አልኩ።

የነርሷ እጅ ጓንቱ ውስጥ ግማሽ ገብቶ ቆመ። እናትሽ ቀና ብላ አየችኝ፤ እንዴት እንዳየችኝ ልጽፈው ሞክሬ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት።

ዶክተሯ ተጠርታ ሮጥ እያለች ገባች። «ማን ነው ያስታመማቸው?» አለች። «እሷ» አልኩ። ራጁን እንደገና አውጥታ ብርሃን ላይ ሰቀለችው። ከላይ፣ የትከሻው አጥንት በሸፈነው በኩል፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ጠባሳ ጣቷን አስቀመጠችባት። «ይህችን እኮ አይተናት ነበር» አለች፤ «ታሪኩ ከሌለ ምንም ላትሆን ትችላለች።» የደም ምርመራውንም የምትወስደው ፕሬድኒሶሎን ሊያታልለው እንደሚችል ነገረችን። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ያቺ ኮስታራ ልጅ ፊቷ ወረቀት መስሎ ነበር። «ዛሬ ብወጋት…» አለችና አልጨረሰችውም።

ኮሪደሩ ላይ እናትሽን ተከተልኳት። ሻሿ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፤ ልመልስላት እጄን ስዘረጋ ሸሸችኝ።

«እትዬ…»

«ሰው ፊት» አለችኝ። «አባቴን ሰው ፊት ሁለተኛ ገደልከው።»

«እትዬ፣ ልትሞቺ እኮ ነበር!»

«እኔ ልሙታ! ምን አገባህ? ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ አይደለም፤ ሌላ የማውቀው ነገር ስለሌለ ነው። ደረጃውን ብቻዋን ወረደች፤ መደገፊያውን መያዝ ስለማትችል ግድግዳውን በትከሻዋ እየታከከች።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ስደውል አታነሳም። ደጇ ሄጄ ቆሜያለሁ፤ መኖሯን ከውስጥ ሬዲዮው ይነግረኛል፤ ራሴ የጠገንኩላት ሬዲዮ ነው፤ በሩ ግን አይከፈትም።

አሁን ስለ ወንድ አያትሽ ልንገርሽ። ልቡ በድንገት ቆሞ ሞተ ተብለሽ ነው ያደግሽው። በድንገት አልነበረም፤ ቀስ ብሎ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር። ማሳል ሲጀምር ሴት አያትሽ የኋላ ክፍል አስገባችው፤ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች፤ ለጎረቤት «ሩቅ ቦታ ሥራ አግኝቶ ሄደ» አለች። ኩባያውን ከእኛ ኩባያ ለመለየት እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። እኔ አፌ ስለማያርፍ ወደዚያ ክፍል እንዳልደርስ ተከልክዬ ነበር፤ ታውቂኛለሽ፣ አልጋው ሥር ተደብቄ ስንት ጊዜ ተገኝቻለሁ። የምትገባው እናትሽ ነበረች፤ በአንቺ የትምህርት ቤት ፎቶ ላይ ያለሽውን ያህል ልጅ ነበረች። ሲፈልጋት መጥራት ስለሚያስለው ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ይመታል፤ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ሦስተኛዋን ዘግየት አድርጎ። ኳ ኳ… ኳ። እናትሽ የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጦ፣ ቁልፍ ማስገቢያ መስፋት አስተማራት። በእጇ ያለው ሙያ ሁሉ ከዚያ ነው። ሳንባዋ ላይ ያለችው የሩዝ ፍሬም ከዚያው ነው። ያቺ ክፍል ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ሰጠቻት።

ሲሞት ሴት አያትሽ ልብሱን አቃጥላ፣ ሁለታችንን አስቀምጣ፣ «ይህንን ሰው ከሰማ ይቺን ልጅ የሚያገባት የለም» አለችን። እኔ የሰማሁት እንደ ማስፈራሪያ ነበር፤ እናትሽ ግን እንደ ኑዛዜ ይዛው ኖረች። አባትሽ እንኳ ሳያውቅ ነው ያለፈው። እንግዲህ ሰው አባቱን እንዲህ አድርጎ ሲጠብቀው ኖሮ፣ አንድ ጫጫታ ወንድም ነርስ ፊት ሲያወጣበት ምን እንደሚሰማው ገብቶኛል። ቢሆንም ነገ ያ መርፌ ጠረጴዛው ላይ ቢመለስ ነገ ደግሜ እናገረዋለሁ።

የነቃ ቲቢ እንደሌለባት አረጋግጠው መጀመሪያ የተኛውን የሚገድል ኪኒን ጀመሩላት። ዶክተሯ እኔንም «እርስዎም እዚያው ቤት ነው ያደጉት» ብላ መረመረችኝ። የአልጋ ሥሩ ፍሬ አፍርቶ ተገኘ! ያው ኪኒን ታዘዘልኝ። ነርሷ አንድ ነገር ስታስጠነቅቀኝ እኔ ሳስቃት ስለነበር አልሰማሁም። በማግስቱ ጠዋት ሽንት ቤት ገብቼ ወደ ታች ባይ ብርቱካን ነው! ደማቅ፣ የመንገድ ሠራተኛ ሰደርያ የመሰለ ብርቱካን! ግድግዳውን ይዤ ኑዛዜዬን ማሰብ ጀመርኩ፤ ድምፅ ማጉያዎቼን ለማን ልተው እያልኩ። ሱሪዬን በአንድ እጄ እንደያዝኩ ክሊኒኩ ደረስኩ። ነርሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «የኪኒኑ ቀለም ነው ጋሼ፤ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

ስመለስ መጀመሪያ ያሰብኩት ለእናትሽ መደወል ነበር። እሷም እኮ ያንኑ ኪኒን እየወሰደች፣ ያንኑ ብርቱካን እያየች ነው። በዓለም ላይ ይህ ቀልድ የሚገባት አንዲት ሴት እሷ ናት። ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። ከዚያ በኋላ ብርቱካኑ አላሳቀኝም።

የእኔን ኪኒን ልወስድ ስሄድ ነርሷን በዘዴ ጠየቅኋት። «መርፌው ተጀምሯል» አለችኝ፤ ሁለት ወር አልፎታል። «ሠራላት?» ስላት «የእሷን ጉዳይ እሷን ይጠይቁ ጋሼ» አለችኝ። «አታናግረኝም እኮ!» ብላት «እኔም አላናግርዎትም» ብላ መስኮቱን ዘጋችብኝ። ስለዚህ አላውቅም። ይሠራል አይሠራም፣ ጣቷን አጥፋለች አላጠፈችም፣ የስፌት መኪናው አንሶላውን እንደለበሰ ነው ወይስ ተገልጧል፣ አላውቅም። መሽቶ በነጋ ቁጥር የማስበው ይህንን ነው። ካልሠራላት አባቷንም ሰጥታ፣ እጇንም አጥታ ቀረች ማለት ነው። የዚህ ሁሉ አፍ ደግሞ እኔ ነኝ።

አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ጣሪያውን ስታዪ አትቀየሚ። አልጠላችሽም፤ እንዳታዪው ነው የደበቀችሽ። የሕፃንነት ልብስሽን ሁሉ የሰፋ እጅ ነው፤ እንዲህ ሆኖ እንዲታይ አልፈለገችም። «ለምን አልነገርሽኝም» ብለሽ አትጫኛት። ዝም ብለሽ ስለ ሥራሽ፣ ስለ ምሳሽ አውሪላት፤ ጣሪያው ይሰማል። ይህንን ደብዳቤ መጻፌን ብትነግሪያትም ግድ የለኝም፤ ከዚህ በላይ ልታኮርፈኝ አትችልም፤ ጨርሳዋለች። አንቺም ደግሞ ደረትሽን ታይተሽ ምርመራውን አድርጊ። ይህ ቀልድ አይደለም። ብርቱካን ካየሽ ግን ቶሎ ደውዪልኝ፤ አብሮኝ የሚስቅ ሰው ጠፍቶኛል።

እንግዲህ ልመርቅሽ። እጅሽ የያዘው አይውደቅ። ወንበርሽ ሞቅ፣ መንገድሽ ደረቅ ይበል። የሚያስቅሽ ሰው አይጥፋ፣ የሚያስለቅስሽ ሰው አድራሻሽ ይጥፋው። ሰውነትሽ ከራሱ ጋር አይጣላ፤ ይህንን ምርቃት ድሮ አላውቀውም ነበር፣ አሁን ከሁሉ አስቀድሜዋለሁ። ደግሞም

ቆይ፣ በር ተመታ።

የሱቁ አይደለም፤ ዛሬ ሱቁ ዝግ ነው። ይቺ የኋላዋ ናት። ጎረቤቴ ናት እንዳልል እሷ ከደረጃው ጀምራ ነው የምትጣራው። ድም የሚለው የጆንያ ድምፅም አይደለም። እንጨት በአጥንት ሲመታ የሚወጣው፣ ጥርት ያለው ነው። አሁን ደግሞ ደገመ።

ኳ ኳ… ኳ።

ቁንጫዬ፣ ይህንን ምልክት የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው ሁለት ብቻ ነው። አንዱ እዚህ ብዕር ይዞ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ጣቱን ያላጠፈ ሰው ደግሞ በአንጓው አያንኳኳም!

ቸኩያለሁ፤ ፊደሉ ቢንጋደድ እንዳትስቂ። ይኸው ደግሞ ሦስተኛ፤ ከኋላው «አንተ ጫጫታ!» የሚል ድምፅ አለ። ልክፈት። የሸሚዝሽን የላይኛዋን ቁልፍ እንደ ተከፈተች ልተዋት፤ የሚቆልፍልኝ ሰው ደጄ ላይ ቆሟል።

አጎትሽ